የስመኝ ማማ እና የእኔ ምላስ

«ባላ ገር ነው ያሉት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ጥሩ?» አለኝ አቶ ይርዳው፣ ፍኖተ ሰላም ከጋሪ ማቆሚያው ጥግ፣ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። እኔም የበርበሬ ዘንቢሌን ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው አዛውሬ ፈገግ አልኩ። ያችን ቃል የተናገርኩት በማርያም ማኅበር፣ በር ተዘግቶ፣ ከአሥራ ሁለት በማንበልጥ ሴቶች መሃል ነበር። እሱ የቀበሌ ሰው እንጂ ማኅበርተኛ አይደለም።

«የምን ባላ?» አልኩት።

«የማማው ባላ ነዋ።» ይህን ብሎ ስንኟን ከነዜማዋ በለሆሳስ አንጎራጎራት። አንዲት ቃል አልሳተም። «ልጅዎም ጨዋታ ሠራች አሉ። የድንጋይ ጨዋታ። እስቲ አንድ ቀን ያሳዩን።» መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና ተነሣ። ያዘዘው ሻይ ገና አልቀረበለትም ነበር። ሰው ያዘዘውን ሻይ ትቶ የሚሄደው የሚያስቸኩል ሥራ ሲኖረው ነው፤ የሱ ሥራ ምን እንደሆነ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው። ይህ የገባኝ እዚያው ጥግ ላይ፣ የጋሪ ፈረሶቹ ጅራታቸውን ሲያወዛውዙ እያየሁ ነው።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ወር ቡሬ መናኸሪያ አቶ ይርዳውን ራሱን ባላገኘው ኖሮ ይህን ሁሉ አላነሣውም ነበር። በርበሬ ላመጣ ሄጄ መኪና ስጠብቅ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ያው መነጽር ነው፤ አንደኛው እጀታው በክር ታስሯል። «እትዬ ጥሩ፣ አሁንም በርበሬ?» አለኝ። «አሁንም» አልኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከጀርባችን አንዲት ጽዳት ሠራተኛ የወዳደቀ ፌስታል ሰብስባ ታቃጥላለች። የሚቃጠል ላስቲክ ሲሸተኝ እኔ ያለሁበት ቦታ ይጠፋብኛል። የዚያን ዕለትም ጠፋብኝ፤ ቡሬ መሆኔ ቀርቶ ከጓሮዬ፣ ከሙቀጫዬ አጠገብ ተገኘሁ።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ባጃጁና ጋሪው አስፋልቱን የሚሻሙባት ከተማ ነበረች። ባጃጅ ሁለት ብር፣ ጋሪ አንድ ብር። እኔ ጋሪ ነበር የምወድ፤ ፈረሱ አቀበቱ ላይ ሲያዘግም ከሰው ጋር ሰላምታ ለመለዋወጥ ጊዜ ይሰጣል። ከአስፋልቱ ማዶ ካሴት ቤት ነበረ። ካሴት ከጠፋ በኋላ በፍላሽና በስልክ ዘፈን መሙላት ቢጀምርም ስሙ ካሴት ቤት እንደሆነ ቀረ። ጠዋት በሩ ሲከፈት የአገራችንን ዘፈን ይለቀዋል፤ ጋሪ ነጂዎቹ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ እኔ በርበሬዬን ስዘረጋ በዚያው ምት ነው የምዘረጋው። ሴቱ ሺፎን ቀሚስ ላይ ሹራብ የሚደርብበት ጊዜ ነው። የኔዋ ሺፎን ውኃ ሰማያዊ ነበረች፣ ዳርዳሯ ላይ ቢጫ አበባ። ለማኅበርና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር የማወጣት። ዛሬ ያች ሺፎን መጋረጃ ሆናለች።

ዘመኑ እንዴት ያለ እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። የስልኩ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። የአንዱ ቤት ልጅ «ለሥልጠና» ተብሎ ይወሰድና ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ወሬው አልቆበት ይመለሳል። የማይመለስም አለ። ልጆቹ መንገድ ላይ ድንጋይ ወረወሩ ተብሎ ስለነበር ድንጋይ የሚለው ቃል ራሱ አስፈሪ ሆነ። ምስር የምትለቅም ሴት እንኳ «ጠጠር አለበት» ትላለች እንጂ ድንጋይ አትልም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ እኔ ምላሴን ያልያዝኩት።

ስመኝ አንድ ልጄ ናት። አባቷ ገና በጡት እያለች ነው የሞተ። መሰናዶ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ከኮምፒውተር ጋር ተዋወቀች። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር ነበረው፤ ግማሹ አይሠራም። መምህር ጌታነህ የሚባል፣ ከሩቅ የተመደበ ቀጭን ወጣት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን ይከፍትላቸዋል። መብራት ካለ ነው ይኼም። ሌላውን ቀን ልጄ ሰማያዊ ላስቲክ በለበሰ ወፍራም ደብተር ላይ በእጇ ትጽፋለች፤ ቅዳሜ የጻፈችውን ወስዳ ኮምፒውተሩ ላይ ትገለብጠዋለች። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ደብተሯ ግን በፈረንጅ ፊደል ነበር።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አልኳት መጀመሪያ ሰሞን።

«ስክሪፕት ነው፣ እማ።»

«ክታብ?»

«ኧረ ክታብ አይደለም። ትእዛዝ ነው። ኮምፒውተሩን እንዲህ አድርግ፣ ይህ ከሆነ ያን አድርግ የምለው። በፓይተን ነው የምጽፈው።»

ፓይተን አገር መሰለኝ። ቋንቋ ነው አለች። የላይኛው ቋንቋ ከሚባሉት አንዱ ነው ስትለኝ «እንደ ግዕዝ መሆኑ ነው?» አልኩ። ሳቀች። «ተገላቢጦሽ ነው። ግዕዙ የማሽኑ ነው። ከታች ያለ፣ ዜሮና አንድ ብቻ፤ ጥቂት ሊቃውንት ናቸው የሚዘልቁት። የኔው ለሰው አፍ የቀረበ ነው፣ እንደ አማርኛ። መሃል ላይ አስተርጓሚ አለ፤ እኔ ያልኩትን መስመር በመስመር እየሰማ ለታችኛው ይነግርልኛል።»

«ሥዕሉን፣ ድምፁን፣ ይኼን ሁሉ አንቺ ነሽ የምትሠሪው?»

«ከባዱን ሞተር የሚሉት፣ ሌላ ሰው የሠራው ፕሮግራም ከሥር ሆኖ ይሠራዋል። እኔ እንደ ደቦ አለቃ ነኝ። አለቃ አያጭድም፤ ማን ከየት እንደሚጀምር ይናገራል።» ደግሞ እንዲህ አለችኝ፣ እስከ ዛሬ የማልረሳው፦ «በሌላው ቋንቋ ጨዋታ መሥራት ጠላ እንደ መጥመቅ ነው፣ እማ። ጠንስሰሽ፣ ደፍድፈሽ፣ ጠብቀሽ ነው ጣዕሙን የምታውቂው። ይኼ እንደ ወጥ ነው። እሳት ላይ እያለ ትቀምሺና ጨው ትጨምሪያለሽ። ጨዋታው ውስጥ ያለው ዝንጀሮ ከፈጠነ አንድ ቁጥር እለውጥና ወዲያው አየዋለሁ።»

«ታዲያ ሁሉም በዚህ አይሠራም?»

«ይዘገያላ። ዝንጀሮው ሃምሳ ከሆነ ይንቀራፈፋል።»

«ሃምሳ ዝንጀሮ ባንድ ማሳ ላይ አይመጣም» አልኳት፤ እሷም «እንግዲያው ችግር የለም» አለች። እንዲህ ነበር የምንጫወተው።

ደብተሯ ላይ አንዳንዱ መስመር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይጀምራል። ቀለም የቀነሰ መስሎኝ ጠየቅኋት። ክፍተቱ ራሱ ትርጉም አለው አለች፤ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንዳለ የሚያሳይ ነው፤ አንዲት ክፍተት ከሳተች ማሽኑ እሺ አይላትም። ከዚያ ወዲያ ደብተሯን ሳነሣ ክፍተቱ የሚፈስስ ይመስል ቀጥ አድርጌ ነው የምይዘው። ያልተማረ ሰው ፍርሃቱ እንዲህ ነው።

ጨዋታው ማማ ይባላል። ማማውን ከእኔ ነው የወሰደችው። እኔ ያደግሁት ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ገጠር ነው፤ በልጅነቴ የበቆሎ ጠባቂ ነበርኩ። አራት ባላ ተተክሎ፣ ላዩ ላይ እንጨት ተረብርቦ፣ እኔ እዚያ ላይ ወንጭፍ ይዤ እውላለሁ። ስመኝ ይህን ስትሰማ ያደገች ልጅ ናት። ኋላ ግን እንደ ዳኛ ትጠይቀኝ ጀመር። ዝንጀሮ ስንት ሆኖ ይመጣል? ከየት በኩል? ወንጭፉ ስንት ዙር ይዞራል? እኔም ነገርኳት። ዝንጀሮ በመጀመሪያ አንዱን ይልካል። ያ አንዱ ከማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ጠባቂውን ያያል። አይቸኩልም። ጠባቂው ፊቱን ያዞረ እንደሆነ ነው የሚገባው፤ ሌሎቹ ከኋላው ይከተላሉ። ደግሞ ከአራቱ ባላዎች አንዱ ሁልጊዜ ገር ነው፤ እንጨቱ ይለምጣል፤ ዝንጀሮ ደፍሮ ከነቀነቀው ማማው ይዘማል። ይህን ሁሉ ጻፈችው።

አንድ ቅዳሜ ገበያዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ውኃ ሰማያዊ ሺፎኔን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ ወንበር ሳበልኝ። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የበቆሎ ማሳ አለ፤ ማማው አለ፤ እላዩ ላይ ነጠላ ያደገደገች ትንሽ ልጅ አለች። ከዳር አንድ ዝንጀሮ መጣና ቁጭ አለ። አየኝ። በእውነት አየኝ። «ፊትሽን አዙሪ፣ ያቺን ቁልፍ ተጫኝ» አለችኝ። ተጫንኩ፤ ልጅቱ ዞረች፤ ዝንጀሮው ገባ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ያየሁትን ዝንጀሮ ልጄ ከፊደል ሠርታ አመጣችልኝ። መምህር ጌታነህ «እትዬ፣ ይኼን ጥቅምት መጨረሻ ባሕር ዳር ይዘን እንሄዳለን፤ የተማሪዎች ሥራ የሚታይበት አለ። ከወደዱላት ለትምህርት ያግዟታል» አለኝ። ጥቅምት ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

ደስታ ያዘኝ። ደስታ ሲይዘኝ እኔ አፌ አይዘጋም። በማግሥቱ ማኅበራችን ነበር፤ ጠበሉ ተቀምሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሴቶቹ «ልጅሽ ኮምፒውተር ላይ ምን ትሠራለች አሉ» ሲሉኝ ነገርኳቸው። ዝንጀሮውን፣ ወንጭፉን፣ ባላውን። ከዚያ የጠባቂነት ዘመኔ ዜማ መጣብኝና ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ እንዲህ አልኩ፦

ዝንጀሮ ከማማው ቢደርስ ናቀን፣
ባላ ገር ነው ብሎ እሸቱን በላብን።

በእግዜር ስም እላለሁ፣ አፌ ላይ ሲመጣ የእንጨት ባላ ነበር ያሰብኩት። አንዷ ግን «ባላገር ነው ብሎ?» አለችና ጠላዋ ትን አላት። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኛ አገር ሰው ሰሙን ሰጥተኸው ዝም አይልም፤ ወርቁን ቆፍሮ ሳያወጣ አይለቅህም። ያልዘራውን የሚበላ ማን ነው፣ ባላገር ብሎ የሚንቀን ማን ነው፣ ስመኝስ ድንጋዩን በማን ላይ ነው የምትወነጭፍ፣ እየተባለ ተሳቀ። እኔም አልተቃወምኩም። ቅኔ ተዋጣለት ሲባል የሚጠላ ማን አለ? «አዬ፣ እናንተ» ብዬ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ልጄ በንጹሕ የሠራችውን ነገር ወርቅ ያገባሁበት እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን አልሞላውም፣ አቶ ይርዳው ስንኟን መልሶ ዘመረልኝ።

ከጋሪ ማቆሚያው ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ስመኝ ደጃፍ ላይ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«የምትጽፊውን። በአማርኛ አድርገሽ።»

ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። «ዝንጀሮ እስካለ ድረስ፣ ድንጋይ ወርውር። ዝንጀሮ ካለቀ፣ አቁም።»

ተቀመጥኩ። «ዝንጀሮ እስካለ ድረስ ድንጋይ ወርውር፤ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ።»

«እማ፣ ዝንጀሮ ነው። ጅራት ያለው።»

«አቶ ይርዳው ዛሬ ጠየቀኝ።»

ፊቷ ተለወጠ፤ ግን ልጅ ናትና መልስ ነበራት። «ማሽኑ ቅኔ አያውቅም። ሰም ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ቃል አንድ ነገር ነው፤ ለዚህ እኮ ነው የምወደው።»

«ማሽኑ አይደለም የሚያስርሽ፤ ሰው ነው።»

«እሺ፣ ስሙን እለውጠዋለሁ። ዝንጀሮን ‹ሀ› እለዋለሁ፣ ድንጋይን ‹ለ›። ለማሽኑ ግዱም አይደለም፤ ጨዋታው ያው ነው።»

«ይባስ ብለሽ። ሀ እስካለ ድረስ ለን ወርውር የሚል ደብተር ቢያገኙብሽ ምን ይላሉ? ምሥጢር ነው የሚሉሽ። ኮድ ነው የሚሉሽ።»

«ኮድ ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «የምጽፈው ነገር ስሙ ራሱ ኮድ ነው።»

እንግዲህ ምን ልበል። እኔና እሷ በአንድ ቃል ሁለት አገር ላይ ነበርን።

ሳሙና ግዢ ብዬ ሱቅ ላክኋት። ሳሙና አልፈለግሁም። ጓሮ ወጥቼ የበቆሎ ቆረቆንዳ አነደድኩ፤ ደብተሩን ቀጥ አድርጌ፣ እንደ ወትሮው ክፍተቷ እንዳትፈስስ አድርጌ ይዤ ሄድኩና እሳቱ ላይ ጣልኩት። ወረቀቱ ቶሎ ሄደ። ሰማያዊው ላስቲክ ግን ተኮማተረ፣ ፈላ፣ ጠቆረ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። ጨዋታውን የምታስቀምጥባት ፍላሽ አንገቷ ላይ በምታስረው ክር ሁልጊዜ ትውል ነበር፤ ፊቷን ስትታጠብ አውልቃ መስኮቱ ላይ ረስታት ሄዳለች። ከካሴት ቤቱ የገዛቻት የጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ነገር ናት። በርበሬ መውቀጫዬ ውስጥ ጣልኳትና በዘነዘና ወቀጥኳት። ሦስት ጊዜ ነው የወቀጥኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሙቀጫ በርበሬ ወቅጬ አላውቅም፤ ዶሮ ውኃ ትጠጣበታለች።

ስመኝ ሳሙናውን ይዛ ገባች። በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ምን ይሸታል?»

ወደ መስኮቱ አየች፤ ወደ ሙቀጫው አየች። አላለቀሰችም እኮ፤ ያ ነው የገደለኝ። ሳሙናውን ከመደቡ ላይ አስቀመጠች።

«ትምህርት ቤት አለ አይደል?» አልኳት። «ኮምፒውተሩ ውስጥ።»

«አለ» አለች።

«እንግዲያው ምን ሆነ? ቀኑ ሲያልፍ ትወስጂዋለሽ። አሁን ልብስሽን ያዢ፤ ሙጬ ዘንድ እንሄዳለን።» ሙጬ እኅቴ ናት፤ ከገጠሩ ያልወጣች።

ገና ፀሐይ ሳትበረታ በማግሥቱ ወጣን። ማንም እንዳይጠረጥር አንድ ጆንያ በርበሬ ያዝኩ፣ ገበያ የምሄድ እንድመስል። ጋሪ ማቆሚያው ጋ መምህር ጌታነህን አገኘነው። ቦርሳውን አዝሏል፤ የደብረ ማርቆስ መኪና ይጠብቃል። ያ ቀጭን ፊቱ ይበልጥ ቀጥኗል። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ዞር ዞር እያለ፣ «እትዬ፣ እኔንም ጠይቀውኛል። አይስጉ ግን፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ትናንት አጥፍቼዋለሁ፤ አንዲት መስመር አልተውኩም» አለኝ። እንደ ምሥራች ነው የነገረኝ። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞሮ ፈገግ አለ። «ፍላሹ አንቺ ጋ ስላለ ነው የጨከንኩት። ጠብቂው።»

ስመኝ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፣ ክሩ ወደነበረበት። «እሺ፣ መምህር» አለችው። «እጠብቀዋለሁ።»

አላሳፈረችኝም። እሱንም አላሳዘነችውም። መኪናው መጥቶ ሄደ፤ እኛም ጋሪው ላይ ወጣን። ከከተማው መውጫ ላይ ፈታሾች አስቆሙን፤ አንዱ ጆንያዬን ከፈተና እስኪያለቅስ አስነጠሰው። ጋሪ ነጂው «ጌታዬ፣ የቡሬ በርበሬ ነው፤ መታወቂያ አይጠይቅም» አለ። ተሳቀ። ልጄን ቀና ብሎ ያያትም የለም። ደብተር የፈለገ አልነበረም። ያን ዕለት የሚፈልጉት ወንድ ወንዱን ነበር።

አሁን ቡሬ መናኸሪያ፣ አግዳሚው ላይ፣ አቶ ይርዳው ከዘራውን እያሽከረከረ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። «እትዬ ጥሩ፣ ያን ጊዜ ላስጠነቅቅዎት ብዬ ነው እኮ የመጣሁት። ስንኙን የደገምኩልዎት፣ ‹ተደርሶበታል፣ ይጠንቀቁ› ለማለት ነው። በግልጽ ብናገር እኔም አልተርፍ። ቅኔ ይገባዎታል ብዬ ነው። ከእርስዎ ጋር እንዳያዩኝ ብዬ ሻዬን እንኳ ሳልጠጣ ሄድኩ።»

እውነቱን ይሆናል። ውሸቱንም ይሆናል። ዛሬ የጠየቅሁት ሁሉ ያን ጊዜ አስጠንቃቂ ነበር፤ የሚያስፈራ ሰው አንድም አልነበረም፤ እኛ ብቻ ነን ከጥላችን የሮጥን። እውነቱን ከሆነ ደግሞ እኔ የጎጃም ሴት፣ ሰም ውስጥ ወርቅ መቆፈር ሥራዬ የሆነ፣ ያን ቀን ሰሙን ብቻ ሰምቼ ነው ልጄን ያቃጠልኩት። የትኛው እንደሚሻለኝ እስከ ዛሬ አልመረጥኩም።

«ልጅቱስ?» አለኝ።

«ደኅና ናት። ደምበጫ ባል አግብታ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት።»

«ጎሽ። ያ ጨዋታ ደረሰ?»

«መኪናዬ መጣ» ብዬው ተነሣሁ። አልመጣም ነበር።

ስመኝ ደብተር ትሸጣለች። ላስቲክ የለበሰውን ወፍራሙን ከላይኛው መደርደሪያ ታስቀምጠዋለች፤ እዚያ የምታስቀምጠው የኔ እጅ እንዳይደርስበት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ልጠይቃት ግን አልደፍርም። ዛሬ ስልክ የሌለው የለም፤ ሴት ልጆቿ ሁለቱም ጨዋታ ላይ ተደፍተው ይውላሉ። ባለፈው ፋሲካ አንድ ጨዋታ ላይ አውሬ አጥር ጥሶ ሲገባ ከትከሻቸው በላይ ሆና አየችና «ይኼ አውሬ ወዲያው ነው የሚገባው» አለች። «አያይም። የሠራው ሰው ዝንጀሮ አያውቅም።» ልጆቹ «ዝንጀሮ አይደለም እኮ» አሏት። «አውቃለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለምን ዳግመኛ አልጻፍሽውም ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። «ክፍተቶቹን በቃሌ አላውቃቸውም» አለችኝ። ይኼው ነው መልሷ።

ከከተማው የሸሸን ዕለት ማንኩሳ ከጋሪ ወርደን በእግራችን ሁለት ሰዓት ሄድን። በቆሎው ከሰው በላይ ነበር፤ መንገዱ በመሃሉ እንደ ፀጉር ቅያስ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሙጬ ከሩቅ አይታን ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች።

«ተየት ነው በደኅናው ቀን?» አለችኝ። ፊቴን አየችና ጥያቄዋን ተወችው። ስመኝን አገላብጣ ሳመቻት። «እሰይ፣ እግዜር ነው ያመጣሽ። ጠባቂ አጥቼ ዝንጀሮ ሊጨርሰኝ ነው። ከተሜ ብትሆኝም ማማ ላይ መቀመጥ ያቅትሻል?»

ስመኝ ሳቅ እንደማለት አደረጋት። ሙጬ ምን እንዳለች አታውቅም። ወንጭፏን ከምሰሶው ላይ አውርዳ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ምሳ ይዤላት ማሳው ዳር ሄድኩ። ማማው ላይ ነጠላዋን አደግድጋ ተቀምጣለች፣ ልክ መስታወቱ ላይ እንዳየኋት ልጅ። ከአራቱ ባላዎች አንዱ ወደ ቁልቁለቱ ለምጧል። ልጠራት አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ፣ ዝም በይ እንደማለት። ከማሳው ማዶ፣ ድንጋዩ ላይ አንድ ዝንጀሮ ቁጭ ብሏል። ያያታል። አይቸኩልም።

«መጀመሪያ ያያል» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ልክ ነበርሽ፣ እማ።»

«ወርውሪበት» አልኳት።

ወንጭፉ ጉልበቷ ላይ ነው። አላነሣችውም። ፊቷን ቀስ ብላ ወደ እኔ አዞረች፤ ዞራም ቆየች፤ ከኋላዋ በቆሎው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አንዱ ገባ፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉት። ሙጬ ከወዲያ ማዶ መጮህ ጀመረች። ስመኝ ግን እኔን ታያለች፤ በዓይኗ ውስጥ ቁጣም የለ፣ ምንም የለ።

ምሳዋን ባላው ሥር አስቀመጥኩ። ወደ ላይ ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማማው ዘመም አለ እንጂ ያዘን። መንገዱ ከዚያ ላይ እስከ ማንኩሳ ድረስ ይታያል፤ ባዶ ነበር። ማንም አልተከተለንም። ልጄ በእጄ አለች። ተርፈናል።